እናትሽስ?

ጋዜጠኛዋ ጋዜጠኛ አይደለችም። መጋረጃ ቤት ነው የምትሠራው። የሰው ቤት ሄዳ መስኮት ትለካለች፣ ሰፊው ይሰፋል፣ ተመልሳ ሄዳ ትሰቅላለች። ስሙ የወጣላት ብሎግ ስላላት ነው። የሱቁ ባለቤት አንድ ቀን ስልኳ ላይ አቀርቅራ ስትጽፍ አገኛትና «ደግሞ ምን ዜና አለ፣ ጋዜጠኛዋ?» አላት። በዚያው ጸደቀ። አሁን ደንበኞች ሳይቀሩ እንዲህ ነው የሚጠሯት። አንዳንዱማ የምር መስሎት፣ መስኮቱን እየለካች ሳለ ጠጋ ብሎ «ኑሮው ይረክሳል ይላሉ ወይ?» ይላታል።

ዜና ብሎ ነገር ግን የላትም። ብሎጓ ላይ የሚወጣው ወሬ ይሄ ነው፤ የደረጃው አምፖል ተቃጠለ። አምፖሉ ተቀየረ። አዲሱ ከአሮጌው ብሶ ደብዛዛ ነው። ከላይ ያለው ጎረቤት ቫዮሊን መማር ጀምሯል፣ እሱንም እግዜር ይርዳው፣ እኛንም ይርዳን። አንዲት ደንበኛ የጎረቤት ግድግዳ ብቻ ለሚታይበት መስኮት ወፍራም መጋረጃ አዘዘች፣ ለምን ብትባል «ግድግዳው ሲያየኝ ደስ አይለኝም» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ደግሞ ማን ያነባል ብትሉ፣ የሚያነቡ አሉ። ብዙ አይደሉም፤ ሁሉም ተሰብስበው አንድ ሚኒባስ ቢሳፈሩ ረዳቱ ገና ሰው እየጠራ ነው። ግን ታማኞች ናቸው። አምፖሉ ሲቃጠል «አይዞሽ» ብለው፣ ሲቀየር «እንኳን ደስ ያለሽ» ብለው ጽፈዋል።

ከሁሉ የሚወደድላት የእናቷ ወሬ ነው። ሁለቱ አብረው ነው የሚኖሩት፣ ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ ከተበላሸ ወዲህ ደግሞ ፎቁ የረዘመ በሚመስል ቤት ውስጥ። እናትየው ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት። ዕድሜዋን በሙሉ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራለች። የራሷን እህት ግን ካነጋገረቻት ዓመታት አልፈዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቷ፣ ማለትም የጋዜጠኛዋ አክስት፣ ሩቅ ከተማ ነው ያለችው፣ ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ የሚኬድበት። የሁለቱ እናት ታመው የተኙ ጊዜ ታላቂቱ «እሷን ምን አስጨነቃት፣ ልጆች አሏት፣ ሥራ አላት፣ ሲሻላቸው እነግራታለሁ» ብላ ዝም አለች። አልተሻላቸውም። ታናሺቱ የሰማችው ከተቀበሩ በኋላ ነው። መጣች፣ መቃብሩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ ከዚያ ብድግ ብላ ሰው ሁሉ እየሰማ «እናቴን ሰረቅሽኝ!» አለቻት። ሻንጣዋን ሳትፈታ ተመልሳ ሄደች። ታላቂቱም ቀላል አይደለችም፤ «ለእሷ ባሰብኩ ሌባ ተባልኩ» ብላ በሆዷ ያዘችው። ከዚያ ወዲህ ስልክ የለ፣ ሰላምታ የለ።

ብሎጉ ግን አለ።

ከአንባቢዎቹ መሃል «መንገደኛ» የሚል ስም ያወጣች አንዲት አለች። ስለ አምፖል ግድ የላትም፣ ስለ ቫዮሊንም ቃል አይወጣት። ስለ እናትየው ከተጻፈ ግን ወዲያው ከች ነው። ጋዜጠኛዋ «እናቴ አዲስ ጫማ ገዝታ ግራ እግሯን ጠበባት» ብላ የጻፈች ዕለት መንገደኛ ከሥር «የግራ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ ከቀኙ ይበልጣል፣ ለምን አትነግሪያትም?» አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ! እስቲ የትኛው መንገደኛ ነው የሰው ግራ እግር ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቀው?

ማታ እናትየው ድንች እየላጠች፣ ቀና ሳትል ትጠይቃለች።

«ዛሬስ ምን አሉ?»

«እነማን?»

«እነዚያ ሰዎችሽ ናቸዋ።»

«እግርሽ ሰፊ ነው አሉ።»

«ማን ነው ይሄ ባለጌ?»

«መንገደኛ የምትባል ናት።»

እናትየው መላጧን ትቀጥላለች። «መንገደኛ ከሆነች መንገዷን ትሂዳ» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ጻፊላት። እግሬ ሰፊ አይደለም፣ ጫማው ነው ጠባብ።»

ጋዜጠኛዋ ትጽፋለች። ምን ታድርግ? እንዲህ እንዲህ እያሉ ኖሩ፤ አንዷ ስለ ጉልበቷ ታስጽፋለች፣ ሌላዋ ቅባት ታዛለች፤ አንዷ ሾርባዬ ጣፈጠ ታሰኛለች፣ ሌላዋ ጨው በዝቶበት ይሆናል ትላለች። ሁለቱም ከማን ጋር እንደሚያወሩ አሳምረው ያውቃሉ። «አውቃለሁ» ብላ ቀድማ የምትሸነፍ ግን አልተገኘችም።

በቅርቡ ታዲያ እናትየው መክሳት ጀመረች። ቀሚሷ ማንጠልጠያ ላይ የተሰቀለ መሰለ። ምግብ ሲቀርብ ፊቷን ታዞራለች፣ «በልቻለሁ» ትላለች፣ የበላችውን ያየ የለም። ልጇ በግድ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ደም ተቀዳ፣ ሆዷ በማሽን ታየ፣ በመጨረሻ ሐኪሙ ሲያስጠራ እናትየው «አንቺ እዚሁ ሆነሽ ቦርሳዬን ጠብቂ» ብላ ብቻዋን ገባች። ቦርሳው ውስጥ ያለው አንድ መሐረብና የቤት ቁልፍ ነው። ጋዜጠኛዋ ሁለቱንም በንቃት ጠበቀች። እናትየው ስትወጣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ኦፕሬተር ነበረች አላልኳችሁም? መስመር ላይ የሰማችውን ፊቷ ላይ የምታወጣ ሴት አይደለችም።

«ጠጠር ናት» አለች። «ሐሞቴ ላይ። አተር የምታህል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ያወጧታል። ቀጠሮ ሰጥተውኛል። ነይ አሁን፣ አውቶቡሱ ሳይሞላ።»

አውቶቡስ ውስጥ ጋዜጠኛዋ የእናቷን እጅ ያዘች። እናትየው እጇን ሳታስለቅቅ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች፣ «ይሄን እንዳትጽፊው» አለች።

«አክስቴ ግን...»

«እንዳትጽፊው አልኩሽ። ለአተር ብላ ሌሊቱን ስትንገላታ ትደር? መጥታስ ምን ልትለኝ? ሲወጣልኝ ያን ጊዜ ትጽፊዋለሽ። ከፈለግሽ የጠጠሯን ፎቶ አንስተሽ ለጥፊው።»

«እስከዚያ ታዲያ ምን ልበል?»

«ደህና ናት በያ! ይሄ ምኑ ከበደሽ?»

ከብዷታል። ጋዜጠኛዋ ፈርታለች፣ ምን ይደበቃል። አተርም ብትሆን ሆድ መከፈቱ አይቀርም፣ እናቷ ደግሞ ልጅ አይደለችም። እናቷን አንድ ነገር ቢያደርጋት ከእሷ ሌላ በዓለም ላይ ያላት ሰው ያቺ ያኮረፈች አክስት ብቻ ናት። ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ የተዘጋ በር ስታይ ይታያታል። አክስቷ እንድትመጣ ትፈልጋለች። እናቷም አፍ አውጥታ አትበለው እንጂ እህቷን ሳታይ ያ አልጋ ላይ ብትወጣ ቅር እንደሚላት ታውቃለች። ግን «እሺ» ብላለች፤ እሺ ያለችውን ማፍረስ ደግሞ አልለመደባትም።

ሥራ ቦታ፣ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እናቴ ደህና ናት» ብላ ጻፈች። አየችው። አጠፋችው። ያቺን አክስት ሁለተኛ መዋሸት ነው ይሄ፤ የመጀመሪያው ውሸት ያመጣውን ጣጣ እያየች ነው ያደገችው። ስለዚህ የብልህ መንገድ ያገኘች መሰላት፤ ስለ እናቷ ጨርሶ ላለመጻፍ። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ብላ ራሷን አሳመነች። ራሷ ደግሞ ቶሎ የምትታለል ናት።

እናም ስለ ወጥ ቤቱ ቧንቧ ጻፈች። ሲያንጠባጥብ እንደሚያድር፣ ውስጡ ያለው ጎማ እንዳለቀ፣ የቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ፣ አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ምንም ሳይነካ እንደሄደ። ተወደደላት። አንዱ አንባቢ የትኛው ጎማ እንደሚሻል መከራት፣ አንዷ የእሷም ቧንቧ እንዲሁ እያሰቃያት እንደሆነ ነገረቻት። ከሁሉም ሥር መንገደኛ አንዲት ቃል ጣል አድርጋለች፤ «እናትሽስ?»

ጋዜጠኛዋ የጎማውን ሰው አመሰገነች። ባለቧንቧዋን አጽናናች። መንገደኛን ዘለለቻት።

ቀጥሎ ስለ ወንበር ጻፈች። እስቲ ይታያችሁ፤ በዓለም ላይ የሚጻፍበት ነገር ጠፍቶ ስለ ወንበር! ያውም እናቷ ዘወትር ከምትቀመጥበት፣ መስኮቱ ሥር ካለው። እናትየው ሰሞኑን አቅም አጥሯት አልጋ ላይ ነው የምትውለው። ጋዜጠኛዋ ታዲያ፣ ስለ እናቷ ላለመጻፍ ተጠንቅቃ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ሰሞኑን ባዶውን ስለሚውል የጎረቤት ድመት ወርሳዋለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ድመቷ ግን ተመችቷታል።» ጽፋ ስትጨርስ ጥሩ ሆኖልኛል ብላ ለጠፈችው። ሰው መቼም አንዳንዴ አእምሮውን የሆነ ቦታ ረስቶት ይወጣል።

«እናትሽስ?» አለች መንገደኛ።

ለድመቷ ስም ያወጡ ነበሩ፣ ለእነሱ መለሰች። መንገደኛን ዝም። በማግስቱ ሌላ መጣ። «ልጄ፣ እናትሽስ?»

ልጄ አለቻት። መንገደኛ ልጄ ብላት አታውቅም። ጣቷ ፊደሎቹ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ከዚያ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ፣ መቀስና ክር መሃል ወርውራ ዘጋችበት። ከዚያ በኋላ መንገደኛ ጠፋች።

ሥራዋም ተበላሸ። ያን ሰሞን የለካችው የአንድ ጥርስ ሐኪም ሳሎን መጋረጃ ተሰፍቶ ሲሰቀል ወለሉ ጋ መድረስ አቅቶት መሃል መንገድ ላይ ቀረ። የሱቁ ባለቤት ራሱ ሄዶ አይቶት መጣ።

«ምነው፣ ጋዜጠኛዋ፣ ሰውዬው ጎርፍ ይመጣል አለሽ እንዴ?»

«ይቅርታ፣ ጋሼ። ለክቼው ነበር።»

«ምኑን?»

በዚያው አንገቷን ደፍታ እረፍት ጠየቀችው፤ ቤት ውስጥ ትንሽ ነገር ስላለ ለተወሰነ ቀን ባልመጣስ አለችው። ጋሼ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ትንሽ ነገር ከሆነ እረፍት ምን ያደርግልሻል?» አላት። ፊቷን አየውና «ሂጂ፣ ሂጂ» አለ፣ «መጋረጃውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ጠርዝ እንቀጥልበትና ፋሽን ነው እንለዋለን።» ደግ ሰው ነው፣ ሲናገር አያስታውቅበትም እንጂ።

እናትየው ሆስፒታል የምትገባበት ዋዜማ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል። ጋዜጠኛዋ ሻንጣ ትሸክፋለች፤ ነጠላ ጫማ፣ የሌሊት ልብስ፣ ፎጣ፣ ማበጠሪያ። እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታዛለች። ከላይ ቫዮሊኑ ይጮኻል።

ድንገት ከታች፣ ከደረጃው መግቢያ፣ ለቅሶ ተሰማ።

ተራ ለቅሶ አይደለም። ልብ የሚሰነጥቅ የሴት ዋይታ ነው። ቫዮሊኑ ቀጥ አለ። ለቅሶው አንድ ፎቅ ወጣ። ሊፍቱ ተበላሽቷል ብያችኋለሁ፤ አልቃሿ እየወጣች ነው የምታለቅሰው፣ እያንዳንዱ ደረጃ ማረፊያ ላይ ስትደርስ ትንፋሽ አጥሯት ዝም ትላለች፣ ትንፋሿ ሲመለስ ካቆመችበት ትቀጥላለች። በሮች ሲከፈቱ ይሰማል። «ምነው እናቴ? ማነው? ምን ሆነሽ?» የሚል የጎረቤት ድምፅ ተደባለቀበት።

«ውይ» አለች እናትየው፣ «የማን ቤት ይሆን? ምስኪን፣ ምን ዓይነት መርዶ ነው እንዲህ የሚያደርጋት።» ተነስታ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«እማዬ፣ ወዴት ነው? ተኚ እንጂ።»

«ሰው እንዲህ እያለቀሰ? ባልተኛ አልሞት» አለችና ግድግዳውን እየተደገፈች ወደ በሩ ሄደች። ጋዜጠኛዋ ፎጣውን እንደያዘች ተከተለቻት። እናትየው ልታጽናና በሩን ከፈተች።

ማረፊያው ላይ፣ የደረጃውን ብረት የሙጥኝ ብላ፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማለች። ፊቷ ከማልቀስ ብዛት አብጧል። ከኋላዋ ሁለት ጎረቤቶች ክንዷን ደግፈዋል፤ ባለቫዮሊኑም ወርዶ ቫዮሊኑን በብብቱ እንደያዘ ያዝናል። እናትየው የፊቱን እብጠትና ጥቁሩን ብቻ ነው ያየችው፤ እጇን ዘረጋች።

«አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ። ማን ሞቶብሽ ነው?»

ሴትዮዋ ቀና አለች። አፏ ተከፍቶ ቀረ።

«አንቺ!» አለች።

ባለቫዮሊኑ ሟቿን ከላይ እስከ ታች አያት።

«ትንሿ?» አለች እናትየው። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ነው የምትጠራት፤ ቤት ውስጥ ስሙ ከተነሳ ዘመን አልፏል።

አክስቷ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች። አየቻቸው፣ አየቻቸው፣ ከዚያ ለቅሶው ተነነና በምትኩ ንዴት መጣ። ደግሞ ምን ዓይነት ንዴት! «ካልሞትሽ ለምንድነው ያልጻፈችው? ወንበሩ ባዶ ነው፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ድመት ወርሳዋለች ትላለች! እናትሽስ እላታለሁ፣ ስለ ጎማ ታወራለች! እናትሽስ እላታለሁ፣ ዝም! እዚህ ቤት ደግሞ ለኔ የሚነገረኝ ከተቀበረ በኋላ ነው!»

ጋዜጠኛዋ ፎጣውን ደረቷ ላይ ታቅፋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። አፍራለች። ከማፈሯ ሥር ግን፣ ይቅር ይበላትና፣ ደስ ብሏት ነበር።

«ድመት ምን አለች?» ብላ ጠየቀች እናትየው።

«ኋላ እነግርሻለሁ፣ እማዬ።»

ጎረቤቶቹ ቀስ በቀስ ተበተኑ። ባለቫዮሊኑ ምን እንደሚባል ግራ ቢገባው «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ሽቅብ ወጣ። እናትየው ጎንበስ ልትል ሞክራ ሆዷን ያዛትና ቀና አለች። «ተነሽ» አለች፣ «ሲሚንቶው ይበርድሻል።» አክስቷ ግን ያን ሆድ መያዝ አይታዋለች። ተነሳች፣ ጠጋ አለች፣ የእህቷን ትከሻ በሁለት እጇ ዳበሰች፤ አጥንት ነው ያገኘችው።

«እትዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«ምንም። ጾም ያዝኩ።»

«የምን ጾም?»

ተደጋግፈው መኝታ ቤት ገቡና ተቃቅፈው ቆሙ። ማን ቀድሞ እንዳቀፈ ጋዜጠኛዋ አላየችም፣ በዚያች ቅጽበት እሷም ፎጣው ውስጥ ፊቷን ደብቃ ነበር። ስታወጣው አክስቷ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ክፍሉን እያየች ነው። አልጋው ላይ አፉን ከፍቶ የተቀመጠውን ሻንጣ፣ የሌሊት ልብሱን፣ ማበጠሪያውን አየች።

«ይሄስ ምንድነው?»

«ትንሽ... ልንቀሳቀስ ብዬ ነው» አለች እናትየው።

«ሞተሻል ብዬ ሌሊቱን እያነባሁ መጥቼ፣ ዓይኔ እያየ ትዋሺኛለሽ?»

እናትየው ወደ ልጇ ዞራ «ሂጂ ሻይ አፍዪላት፣ ከመንገድ ነው የመጣችው» አለች። ጋዜጠኛዋ ሄደች። በሩ ከኋላዋ ገርበብ አለ።

ሻይ የምታፈላው ሴት ደስተኛ ነበረች፣ ይህን ልንገራችሁ። ነገ ኮሪደር ውስጥ ብቻዋን አይደለችም። የሁለት ሴቶች ድምፅ ከመኝታ ቤቱ ሲመጣ ስትሰማ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተኮራረፉት እነዚህ ናቸው ወይ አለች ለራሷ። ስኳር አወጣች። ኩባያዎቹን ሰርቪሱ ላይ ደረደረች። ሰርቪሱን አንስታ በሩ ጋ ስትደርስ የእናቷን ድምፅ ሰማች።

«ለልጅቷ ጠጠር ነው ብያታለሁ።»

«ምን ኖሯል ታዲያ?»

«እጢ ነው። ቆሽቴ ላይ። ነገ ከፍተው ሊያዩት ነው። የሚወጣ ከሆነ ያወጡታል። የማይወጣ ከሆነ መልሰው ይሰፉኛል።»

«መልሰው ሰፍተውስ?»

«ወደ ቤት ይልኩኛላ።» ድምፅዋ ያው ነው፣ መስመር ተይዟል እንደምትል። «ሐኪሙ ልጁ ጨዋ ነው፣ አልደበቀኝም። ብዙ ተስፋ አታድርጊ አለኝ።»

«ልጅቷ ይህን አታውቅም?» አለች አክስቷ።

«እሷን ምን አስጨነቃት። ሥራ አላት። የሚሆነው ሲታወቅ እነግራታለሁ።»

ጋዜጠኛዋ ሰርቪሱን እንደያዘች ቆመች። ያዘነች እንዳይመስላችሁ፤ ማዘን ኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው። አምፖሉን፣ ቧንቧውን፣ የጎረቤት ድመት የምትተኛበትን ሳይቀር ታውቃለች፤ የገዛ እናቷ ሆድ ውስጥ ያለውን አታውቅም። ቦርሳ ጠባቂ ተደርጋ ነበር። በአውቶቡሱ ውስጥ ያን እጅ ይዛ የመጣችው፣ ባለእጇ ይህን እያወቀች ነው። በሰርቪሱ ጠርዝ በሩን መታ አደረገችው።

በሩ ተከፈተ። አክስቷ ናት። ሰርቪሱን ከእጇ ተቀብላ ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠችው።

«ግቢ» አለቻት።

«ትንሿ፣ ተይ» አለች እናትየው ከአልጋው ላይ።

«አልተውም። እኔን ያደረግሽኝን እሷን አታደርጊያትም። ስንት ዓመት እንደ እሳት ሲበላኝ እንደኖረ አንቺ አታውቂውም፣ እኔ ነኝ የማውቀው። ንገሪያት።»

«ሰምታለች እኮ። በር ሥር ቆማ ነበር። ልጄን አላውቃትም?»

«በር ሥር መስማት መነገር አይደለም። ዓይኗን እያየሽ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪያት።»

እናትየው ከአልጋው ጠርዝ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ጋዜጠኛዋ በአንድ በኩል ተቀመጠች፣ አክስቷ በዚያ ጥቁር ልብሷ በሌላው በኩል።

«ጠጠር አይደለም፣ ልጄ» አለች እናትየው።

ነገረቻት። ሐኪሙ ያሳያትን ፎቶ፣ እጢው የተቀመጠበትን ቦታ፣ ያላትን ነገር፣ ቃል በቃል። ሳትቸኩል ነው የነገረቻት፤ ቁጥር እንደምታስጽፍ፣ አንዱን ሳትዘል። ሁለት ጊዜ ልጇ ልታቋርጣት ስትል እጇን አንስታ አስቆመቻት። የነገውን ጨረሰች። የማይወጣ ከሆነ ምን እንደሚደረግም ተናገረች፤ ቤቷ መሆን እንደምትፈልግ፣ መስኮቱ ጋ አልጋ ቢወጣላት ደስ እንደሚላት። ከዚያ ጉልበቷ ላይ ያለውን የቀሚሷን ጨርቅ በጣቶቿ አስተካከለችና፣ በዚያው ድምፅ፣ «ፈርቻለሁ» አለች። «አሁን ጨረስኩ። ሌላ የደበቅኳችሁ የለም።»

ከቀኝም ከግራም አቀፏት። አክስቷ ደረጃው ላይ ጀምራው የነበረውን ለቅሶ እንደ አዲስ ጀመረችው፣ ጋዜጠኛዋም ተከተለቻት። እናትየው በመሃላቸው ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ሁለቱም እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።